ዓሣውን ማን ቆጠረው?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጫወተው ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳችን ነው። ዛሬም ከጓዳ ብዙ አልርቅም። የምጀምረው ግን ከድስቱ ሳይሆን ድስቱ ውስጥ ከሚገባው ነገር ነው። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከጣና ወጥቶ ገበያ የሚቀርበው፣ «ነጭ ዓሣ» የምንለው፣ ስንት ዓይነት ነው ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ?

«ነጭ ዓሣ ያው ነጭ ዓሣ ነው» የምትሉ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። እኛ የወረታና የፎገራ ሰዎች ቀረሶን ከአምባዛ፣ አምባዛን ከነጭ ዓሣ መለየት አያቅተንም። ነጩ ግን አንዴ ተበልቶ፣ ታጥቦ፣ መጥበሻ ላይ ከወጣ በኋላ ማን ይለየዋል? በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተለየ ካልተባለ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ጣና መጥቶ ከእነዚህ ዓሦች ጥቂቶቹን በየስማቸው ጽፎ ነበር። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ የምሥራቅ አፍሪካን ትልልቅ ዓሦች አገላብጦ ካየ በኋላ፣ የጣናዎቹ ሁሉ መልካቸው ቢለያይም ዘራቸው አንድ ነው ብሎ ደመደመ። ሊቁም እንደ እኛ «ነጭ ዓሣ ያው ነጭ ዓሣ ነው» አለ ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ ነው። ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንዱ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓሦቹን አንድ በአንድ እያነሡ የአፋቸውን ስፋት፣ የሰውነታቸውን ቁመትና ውፍረት፣ የአንጀታቸውን ርዝመት ለኩ። ሆዳቸውን ከፍተው ምን እንደበሉ አዩ። በሐይቁ ውስጥ የት ጥልቀት ላይ እንደሚውሉ መዘገቡ። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካደረጉ በኋላ የደረሱበት ቁጥር አሥራ አምስት ነው! አንዱ ከታች ጭቃ ውስጥ ይለቅማል፣ ሌላው ቅጠላ ቅጠል ይበላል፣ ሌላው በውሃው መካከል እየዋኘ ትንንሽ ነፍሳትን ያጣራል። ስምንቱ ደግሞ ዓሣ አዳኞች ናቸው። የዚህ ዘር ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ የሚያኝኩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ጥርስ የሌለው አፍ ይዞ ሌላ ዓሣ አሳድዶ መያዝ በዓለም ላይ በዚህ ዘር ውስጥ እምብዛም አይታይም። በጣና ግን ስምንት ዓይነት አለ።

ለምን እዚህ ብቻ ሆነ? ከጣና የሚወጣው ዓባይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ አርባ ሜትር ያህል ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች በገደል በታጠረ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ኖሩ፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ከአንድ ወላጅ ዘር ተነሥተው እዚያው ተለያዩ። ከጥቂት በስተቀር በሌላ የዓለም ውሃ ውስጥ አይገኙም። አንዱ ዓይነት ከጣና ጠፋ ማለት ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

ደሴቶቹና ሰዎቻቸው

ጣና የውሃ ጎተራ ብቻ አይደለም። በውስጡ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች አሉት። በትልቁ፣ በደቅ፣ ሰዎች ያርሳሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ ያጠምዳሉ። ከአጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ጥንታዊ ገዳም ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደሴቶቹን በታንኳ እየዞረ ያየውን በ1936 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ዛሬም ያንን ውሃ የሚያቋርጥ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ ዙሪያው ያለው ምድር ሲራቆት በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ያለው ዛፍ አልተቆረጠም። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ፣ ብዙዎቻችሁ በልቦለድ መጽሐፎቻቸው የምታውቋቸው፣ በእኛው በደቡብ ጎንደር የሃያ ስምንት አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተዋል። በሜዳና በተራራ ላይ ያሉት እነዚያ ደኖችም በእርሻ ባሕር የተከበቡ ደሴቶች ናቸው። የሌላ ቤተ እምነት ሰዎች ጠብቀው ያቆዩትን መልካም ነገር ማመስገን ለእኛ ውርደት አይደለም። ይልቅ የየአጥቢያችንን ግቢ ተመልክተን «እኛስ ስንት ዛፍ ተክለን ስንት አጸደቅን?» ማለት ይገባናል።

የሐይቁን ሰዎች ስናነሣ ነገደ ወይጦን መዝለል አይቻልም። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ ሰፌድና ምንጣፍ የሚያበጁት፣ በጥንት ጊዜ ጉማሬ በማደን የሚታወቁት እነርሱ ናቸው። ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸውም ተመዝግቧል። ከተመዘገበው ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት ከእነርሱ ጋር ማዕድ ለመቁረስ መጸየፋቸው ነው። የሐይቁን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ በሐይቁ ዳር እንደ እንግዳ ተቆጠረ። እኅቶቼ፣ ልጆቻችን በቤታችን ይህን ንቀት የሚያስተምር ቃል ሲሰሙ እንዳያድጉ እንጠንቀቅ። የዓሣ ዘር ከመጥፋቱ በፊት የሚያስፈራው የሰው ክብር ሲጠፋ ነው።

በፍቅር የመጣው መረብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በኔዘርላንድ ኡርክ የምትባል የአጥማጆች ከተማ አለች። እስከ 1939 ድረስ ራሷ ደሴት ነበረች፤ ሕዝቧም በፕሮቴስታንት እምነቱ የታወቀ ነው። የዚያች ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሙት ድርጅት በ1986 ከአገር ውስጥ አጋሮች ጋር ሆኖ በጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ጀመረ። ከዚያ በፊት በሐይቁ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ፣ ለቤት ፍጆታና ለቅርብ ገበያ ነበር። ፕሮግራሙ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችንና የናይለን መረቦችን አመጣ። ከ1977ቱ (በእኛ አቆጣጠር) ረኀብ በኋላ በነበረው ጊዜ ከዚህ የተሻለ ርኅራኄ ምን አለ? አጥማጅ ለአጥማጅ የላከው ስጦታ ነው። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ ለባሕር ዳር ገበያ ዓሣ ተትረፈረፈ፤ በኋላም የደረቀው ዓሣ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ ተሸጠ።

ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ መቁጠራቸውን አላቆሙም። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተያዘውን ከ1999 እስከ 2001 ከተያዘው ጋር ሲያስተያዩ፣ በባሕር ዳር አቅራቢያ ባለው የሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሦቹ ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ አገኙት። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአራት ሦስቱ! በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያዊው ዶክተር እሸቴ ደጀን የትንንሾቹን ዓሦች ሕይወት ሲያጠኑ ቆይተው በ2003 ለዶክትሬት አበቁት። በኋላም ዶክተር ዋሴ አንተነህና ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ዓሦቹ የሚራቡባቸውን ወንዞች አጠኑ። የባሕር ዳሩ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ይህን ሥራ ከያዙት አንዱ ነው።

ምክንያቱ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው። ነጭ ዓሦቹ የሚኖሩት በሐይቁ ነው። ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች ግን እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወንዝ ነው። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በጉማራ፣ በርብና በሌሎችም ገባሮች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወንዙን ሽቅብ እየዋኙ ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ይገባሉ። ንጹሕ ውሃ የሚሮጥበትን የጠጠር ቦታ ፈልገው እዚያ ይጥላሉ። እንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ተሸሽጎ አየር ያገኛል፤ ደለል ከለበሰው ይታፈናል። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ በድልድዩ የምታልፉት ያ ድፍርስ የክረምት ጉማራ የጣና የወሊድ ክፍል በር ነው።

አጥማጁም ይህን ያውቃል። ዓሣው በወንዙ አፍ በሚሰበሰብበት ሰሞን መረቡን እዚያው ይዘረጋል፤ በአንድ ሌሊት የወር ያህል ይይዛል። የሚይዘው ግን እርጉዞቹን ነው። በላይኛው ወንዝ ደግሞ በወጥመድ የሚይዝ አለ፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ በመበተን ትልቁንም ትንሹንም አደንዝዞ የሚለቅም አለ። በድብቅ የሚገባው ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭን መረብ ሲጨመርበት ነገሩ ከፋ። አሸዋ ለመጫን የወንዙ ወለል ይታረሳል። ውሃው በበጋ በፓምፕ ይሳባል። ችግሩ የመጣው መረብ በመሠራቱ አይደለም። መረቡ መቼና የት እንደሚጣል ሳይታሰብ በመቅረቱ ነው።

ደጋግሜ ያሰብኩት ይህን ነው። የኡርክ ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ የኛ አጥማጆችም ክፋት አላሰቡም። ልግስና ነበረ፣ ትጋት ነበረ። የጎደለው ቆጠራ ነበር። ቆጣሪዎቹ ሲመጡ መረቡ ቀድሟቸው ነበር። ዛሬ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ኩሬ እናስቆፍራለን፣ ፓምፕ እናከፋፍላለን፣ ዶሮና በግ እንሰጣለን። መልካም ነው! ግን ከመስጠታችን በፊት «ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ ምን ያደርጋል? ማንስ ይከታተለዋል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው በየኮሚቴያችን ይኑር። ያ ሰው እምነት የጎደለው ተደርጎ አይቆጠር። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረን ራሱ ጌታ ነው።

ሜዳችንም እንዲሁ

የፎገራ ሜዳም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። የእኛ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ የሚበቅለው ሣር ስሙ የታወቀውን ወተታም የፎገራ ላም ያበላ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ ገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ አስተዋወቁ። «ኤክስ ጅግና» የምንለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችም ነበር፤ ለሩዝ ግን ተመቸ። ዛሬ ስንቱ ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው፣ ስንቱ ልጅ ኮሌጅ የገባው በሩዝ ነው! ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። እንጀራችን ውስጥ ያለው ነጭነት ምስክር ነው።

በዚያው ልክ ግን የግጦሽ መሬቱ ጠበበ፤ ንጹሕ የፎገራ ዘር ላም ከገበሬው ደጅ እየራቀ ሄዶ ዘሩን ለማቆየት ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይደክማል። ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጋማ ቦታዎቻችን ከ1980ዎቹ ወዲህ በእጅጉ ተመናምነዋል። እነዚህ ደግሞ አምባዛ በክረምት የሚራባባቸው፣ በበጋ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ በረው የሚመጡት ረጃጅም አንገት ያላቸው ክሬን የሚባሉ ወፎች በብዙ ሺህ የሚያድሩባቸው ናቸው። አናታቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላቸው የአገራችን ክሬኖችም እዚያ ናቸው። በየዓመቱ ከፊንላንድና ከኤስቶንያ ድረስ የሚመጣ እንግዳ የሚያርፍበት ሜዳ ባለቤት መሆናችንን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ መኖሩ ታወቀ። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ይህ አረም ሰሜን ምሥራቃዊውን ዳርቻ፣ የእኛንም የፎገራን ጭምር፣ ምንጣፍ አስመስሎ ሸፈነው። ጀልባ አላሳልፍ አለ፤ መረብ አላስጥል አለ፤ ከብት ውሃ እንዳይጠጣ ከለከለ። ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው የነቀሉትን ገበሬዎችና ወጣቶች ሁላችን እናስታውሳለን። አረሙ የሚወፍረው ከእርሻችንና ከከተሞቻችን ታጥቦ በሚወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ ስለሆነ፣ ነቀላው ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ 695,885 ሄክታር በባዮስፌርነት መዝግቦታል። ስሙ ትልቅ ነው። ጥበቃው የሚጀምረው ግን ከየደጃችን ቦይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት እንዳስተማረን ደግሞ፣ ሐይቅን ማጥናትም ሆነ መጠበቅ ያለ ሰላም ከባድ ነው።

«ታዲያ ልጆቼን ምን ላብላ?»

ይህን ጉዳይ ከሴቶች ኅብረት ጋር ስንጫወት ባሏ ከጉማራ አፍ የሚያጠምድ አንዲት እኅት ቀና ብላ «እትዬ፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ነሐሴና መስከረም ግን ጎተራ የሚራቆትበት፣ የትምህርት ቤት ደብተር የሚገዛበት ጊዜ ነው። ባሌ መረቡን ከሰቀለ ልጆቼን ምን ላብላ?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነት ነውና! ዓሣውን የሚቆጥር ሰው የዚህችን እኅት ልጆችም መቁጠር አለበት። አለበለዚያ ቆጠራው ጎደሎ ነው።

መልሱ አንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚጣል አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ሕግ ግን የተራበ ቤት ደጅ ላይ ብቻውን አይቆምም። በዚያ ጨዋታ ላይ ከእኅቶች የወጡ ሐሳቦችን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ገዢዎቹ እኛ ነን። ከነሐሴ እስከ መስከረም ድረስ ሆዷ በእንቁላል የተነፋ ነጭ ዓሣ ሲያቀርቡላችሁ አትግዙ። ለሁለት ወር ምስርና ሽሮ ቢበላ ማንም አይጎዳም። ከኅዳር በኋላ ወጡም ጥብሱም ይደርሳል። ገዢ ከሌለ ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የአጥማጅ ቤተሰቦች ገበያው ጥሩ በሆነበት ከኅዳር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በየሳምንቱ ጥቂት እየጣሉ ነሐሴ ላይ የሚከፈል ዕቁብ ቢያቋቁሙ፣ ሌሎቻችንም እንደ ማኅበርተኛ ብንገባበት፣ ክፍተቱ ይጠባል። የሩዝ አረም የሚታረመውም በዚያው ሰሞን ነው። ጉልበት የሚፈልግ ገበሬ ቅድሚያ ለእነዚህ ቤቶች ይስጥ።

ሦስተኛ፣ ብርብራ የሚበትን ጎረቤት ስናይ «የሱ ጉዳይ ነው» ብለን አንለፍ። ነገሩን በፍቅር እናስረዳው። ያ ውሃ የከብቶቻችንም የልጆቻችንም ነው።

አራተኛ፣ ልጆቻችን መቁጠር ይልመዱ። ሜዳ ላይ ስንት ክሬን አዩ? መቼ መጡ? መቼ ሄዱ? በደብተራቸው ጀርባ ቀኑን ይጻፉ። ሳይንስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኔዘርላንድ ሰው ቆጥሮ እስኪነግረን ነጭ ዓሣችን አሥራ አምስት ዓይነት መሆኑን ያላወቅነው፣ ዓይን ስለሌለን ሳይሆን የመመዝገብ ልማድ ስላልነበረን ነው።

በዘዳግም ምዕራፍ 22 ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ትንሽ ትእዛዝ አለ። በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ሊወስድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን አብሮ እንዳይወስድ፣ እንዲለቃት ታዟል። ሰውየው እንዳይበላ አልተከለከለም። ነገ የሚበላውን ዛሬ እንዳይጨርስ ነው የተነገረው። በዚያ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ የተያያዘውን ተስፋ ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት። ረጅም ዕድሜና መልካም ኑሮ ከወፍ ጎጆ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ቢጠይቋችሁ፣ ስለ ጉማራ ዓሣ ንገሯቸው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ቤታችሁ ይባረክ።